የባለቤቴ ድምፅ ባለቤት

ባለቤቴ ድምፁን ያጣው ሕይወቱን ለማትረፍ ነው። ጉሮሮው ውስጥ የበቀለው ዕጢ ወደ ሌላ አካሉ ሳይዛመት አዲስ አበባ ወስደነው ማንቁርቱን አወጡለት፤ ከአንገቱ ሥር የሚተነፍስበት ቀዳዳ ከፈቱለት። ወደ ነቀምቴ ስንመለስ ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይስቃል፤ ሲስቅ ግን ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሐኪሙ ሁሉንም አስቀድሞ አስረድቶን ስለነበር የምንወቅሰው ሰው አልነበረም። ሰው የሚወቅሰው ሲያጣ ሐዘኑን የት እንደሚያሳርፈው አያውቅም።

ባለቤቴ ዘፋኝ ነበር ብል እሱ ራሱ ይቆጣኛል። ሥራው መምህርነት ነው፤ ነቀምቴ አጠገብ ጉቴ ከተማ ሒሳብ ሲያስተምር ነው ዕድሜው ያለቀው። ዘፋኝ የሆነው በወጣትነቱ፣ ያውም ለአንድ ካሴት ነው። በዚያን ጊዜ መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው አንድ ነጋዴ በሰው ሰርግ ላይ ሲዘፍን ሰምተውት አዲስ አበባ ድረስ ወስደው አስቀረጹት። ከካሴቱ ውስጥ አንዱ ዘፈን ብቻ ከሰው ልብ ገባ። በአፋን ኦሮሞ የተዘፈነ የሰርግ ዘፈን ነው። ሙሽራይቱ ከአባቷ ደጅ ስትወጣ ወንድሟ የሚላትን ይናገራል፤ ሂጂ፣ ግን የተወለድሽበት በር ቢመሽም አይዘጋብሽም ነው ነገሩ። ከጊምቢ እስከ ደምቢ ዶሎ ያለዚህ ዘፈን ሙሽራ የማይወጣበት ጊዜ ነበር። የኛም ሰርግ ላይ ሊዘፈን ሲል እሱ «በራሴ ሰርግ የራሴን ዘፈን አላስከፍትም፤ ሰው ይስቅብኛል» ብሎ ከለከለ።

እኔ የጎጃም ሰው ልጅ ነኝ። አባቴ ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር፤ ቤታችን ውስጥ የሚነገረው የጎጃም አማርኛ፣ ደጅ ስወጣ የምሰማው አፋን ኦሮሞ ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ደግሞ ጴንጤዎች ናቸው፤ ለዓለማዊ ዘፈን ብዙም ፍቅር የላቸውም። እናቱ ዘፈኑ በሬዲዮ ሲመጣ ሥራቸውን አቁመው ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ሲያልቅ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እንደሚወዱት ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ካሴት ቀርቶ ሲዲ መጣ፤ ሲዲም ብዙ ሳይቆይ ቀረና ፍላሽ መጣ። ልጆች ሱቅ በራፍ ላይ ኮምፒውተር ዘርግተው የሰው ስልክና ሚሞሪ ላይ ዘፈን ይጭኑ ጀመር። የባለቤቴም ዘፈን ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ ማንም የሚያውቀው አልነበረም። ሚኒባስ ውስጥ ተሳፍረን ዘፈኑ ሲከፈት ረዳቱ ሂሳብ ሊቀበል ይመጣና የማን ዘፈን መሆኑን ሳያውቅ አብሮ ያንጎራጉራል። ባለቤቴ በክርኑ ነካ ያደርገኝና ይስቃል። ማንም አላስፈቀደውም፤ እሱም አስፈቅዱኝ ብሎ አያውቅም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ዘፈኑን ቤታችን ውስጥ ማንም አልከፈተውም። አልተነጋገርንበትም፤ ዝም ብሎ እንደዚያ ሆነ። የሚጽፍባት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ከትምህርት ቤት ሰጥተውት ስለነበር የሚፈልገውን በጠመኔ እየጻፈ ያሳየናል። የእጅ ጽሑፉ የመምህር ነው፤ «ውሃ» ብሎ ሲጽፍ እንኳ ያስተካክለዋል።

ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በፊት በመልክ የማውቃት ሴት ገባች። ራሷን አስራለች፣ ፊቷ ጠቁሯል። ነጠላ እያገላበጠች ቆየችና ድንገት፣

«አዴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ በርሲሳ ዳነ አይደል?» አለችኝ። አዴ እናት እንደማለት ነው፤ በርሲሳ ማለት ደግሞ መምህር ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ባለቤቴን የሚጠራው እንደዚህ ነው።

«ከምኑ?» አልኳት።

«ከጉሮሮው። በስልክ አየነው እኮ። እየዘፈነ።»

ሞኝነት ነው፤ ጠዋት ቤት ትቼው የመጣሁትን ሰው ዳነ ስባል ለአንዲት አፍታ እውነት መሰለኝ።

«የኔም ሰውዬ እንደሱ ነው» አለች ሴትዮዋ። «አዲስ አበባ ሂዱ ብለው ጽፈውልን ነበር። ይሄን ካየን በኋላ ግን ምን ያደርግልናል ብለን ተውነው። ያንን መድኃኒት ገዛንለት። አንቺ ንገሪኝ እስቲ፣ በስንት ጊዜው ነው ድምፁ የተመለሰለት?»

ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። የካሴቱ ሽፋን ላይ ያለው የባለቤቴ ፎቶ አለ፤ ጸጉሩ ጎፈሬ የነበረበት። ከሥሩ ዘፈኑ ይሰማል። ከዘፈኑ በላይ ደግሞ አንድ ሰው፣ ይህ ተወዳጅ ድምፃዊ ጉሮሮው ተዘግቶ ከሞት አፋፍ ደርሶ እንደነበረ፣ በባህል መድኃኒታችን ተፈውሶ አሁን እንደገና እየዘፈነ መሆኑን ይናገራል። ድምፁ ደልደል ያለ፣ የሚታመን ድምፅ ነው።

ሴትዮዋን አስቀመጥኳት። ባለቤቴ እንዳልዳነ፣ ዘፈኑ የድሮ መሆኑን፣ ይህን መድኃኒት በዓይናችን እንኳ አይተነው እንደማናውቅ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም። «እየሰማሁት?» አለችኝ። ድምፁ እውነት የሱ ነዋ። በመጨረሻ ሱቄን ዘግቼ ቤት ይዣት ሄድኩ። ባለቤቴ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። ስታየው ተረዳችው። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ቪዲዮውን በስልኬ ፈልጌ ሳሳየው ባለቤቴ ቆሞ አየው። እንደጨረሰ ሰሌዳውን አነሳና «ይህ እኔ አይደለሁም» ብሎ ጻፈ። በእጁ ጠረገውና እንደገና ጻፈ፤ «ሰው ይሞታል»።

ጠበቃ ዘንድ የሄድነው በማግስቱ ነው። ጠበቃዋ ጉቴ ያስተማራት ልጅ ናት፤ አሁን ፍርድ ቤቱ አጠገብ ቢሮ አላት። ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው።

«ቲቸር፣ ስለ መድኃኒቱ መክሰስ እንችላለን» አለች። «ግን ሰውየው ማን ይሁን፣ የት ይሁን አናውቅም። ስልኩን ይቀያይራል። እሱን አሳደን እስክንይዝ ስንት ሰው ይገዛዋል። የቅጂ መብት ግን ሰውየውን ሳናውቀው ቪዲዮውን ያስወርድልናል። ዘፈኑ የኛ ነው፣ አልፈቀድንም እንላለን፤ አለቀ።»

«ሰው የሚገድለውን ውሸት ትተን ለዘፈኑ እንክሰስ?» አልኳት።

«ውሸቱን ለማስረዳት ዓመት ይፈጃል፤ ዘፈኑን ለማስረዳት ግን ዘፈኑን ማሰማት ነው» አለችኝ።

ነገሩ ግን እንዳለችውም ቀላል አልሆነም። በሕጉ መሠረት ካሴቱን ያስቀረጸው ሰውም በቅጂው ላይ መብት አለው። ነጋዴው ካረፉ ቆይተዋል፤ ሙዚቃ ቤቱ ዛሬ የስልክ ዕቃ መሸጫ ነው፤ ሴት ልጃቸው ነች የምትሠራበት። የመጣንበትን ስንነግራት ወንበር አምጥታ ባለቤቴን አስቀመጠችው። «አባዬ እኮ እስኪሞት ድረስ ያንተን ካሴት እያነሳ ሲኮራ ነበር» አለችው። «የኔ ፊርማ ከጠቀማችሁ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ድምፁ የናንተ ነው።» እኔ ክርክር ጠብቄ ስለነበር ዓይኔ እንባ ሞላ።

ጠበቃዋ ዘፈን በኢንተርኔት ከሚያከፋፍል አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ጋር አገናኘችን። እነሱ ዘፈኑን ሲመዘግቡት ማሽኑ ድምፁን ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የትም ቢሰማ ለይቶ ይይዘዋል። እንዲህ ነው ያስረዱን። የድርጅቱ ሠራተኛ ትሁት ወጣት ነበር፤ በስልክ ይጠይቀናል፣ ባለቤቴ ይጽፋል፣ እኔ አነብለታለሁ። ድምፁ የማን ነው፣ ግጥሙ የማን ነው ካለ በኋላ፣

«ዜማውስ? የዜማው ደራሲ ማን ልበል?» አለ።

ባለቤቴ ጻፈ፤ «ጉቴ ላይ ጤፍ ሲያርሙ የነበሩ ሴቶች»።

አነበብኩለት። ወጣቱ «ስማቸው ይታወቃል?» አለ።

ባለቤቴ አይታወቅም ሲል ራሱን ወዘወዘ፤ ለወጣቱ ነገርኩት። በልጅነቱ ከእናቱ ጋር ማሳ ሲሄድ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ሲያዜሙት ሰምቶ ነው የያዘው። ግማሾቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

«ስም ከሌለው መዝገቡ አያልፍልኝም» አለ ወጣቱ። «ባዶ ከተውነው ደግሞ ነገ ሌላ ሰው የኔ ነው ቢል መከላከያ የለንም።»

ጠበቃዋም ይህንኑ አለች። ባለቤቴ ግን አልፈቀደም፤ ያን ቀን ሙሉ ሰሌዳውን ግድግዳ አስደግፎ ተቀመጠ። እኔ ነኝ ያስጨነቅኩት። ያቺ ሴትዮ ባሏን ከሐኪም ቤት ያስቀረችበት ቪዲዮ ዛሬም እየታየ ነው፣ አንተ ስለ ዜማ ትከራከራለህ አልኩት። በዜማው ደራሲ ቦታ የራሱን ስም ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ እጁን እንደቆሸሸ ሰው በሱሪው ላይ ጠረገ።

ብዙም ሳይቆይ ጠበቃዋ ሱቄ ድረስ በእግሯ መጣች። «ወርዷል!» አለችኝ ገና ከደጅ። ከፍተን አየነው፤ ጥቁር መስኮት ነው፤ ባለመብቱ ስላልፈቀደ አይታይም የሚል ጽሑፍ ብቻ አለበት። እልል ማለት ቃጣኝ። ለባለቤቴ ሳሳየው ጠመኔውን አንስቶ በትልቁ «ሕግ አለ» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን ዶሮ ሠራሁ፤ የጎረቤት ሰውም ጠራን።

ከዚያ በኋላ ግን ባለቤቴን ይከፋው ጀመር። ምግብ ይገፋል፤ ሰው ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ሕመሙ የተመለሰ መስሎኝ ስፈራ ከረምኩ። ልጠይቀው እፈልግና መልሱን ስለምፈራ እተወዋለሁ። አንድ ጠዋት ከዛፉ ሥር ስልኩን ይዞ አየሁት። የዘፈኑን ስም ይጽፋል፣ ይፈልጋል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይጽፋል።

«ምን ጠፋብህ?» አልኩት።

ሰሌዳው ላይ «ሰዎቹ የሉም» ብሎ ጻፈልኝ።

«የትኞቹ ሰዎች?»

ያኔ ነው የነገረኝ፤ እየጻፈ፣ እየጠረገ፣ እየጻፈ። ከሕክምናው ከተመለሰ ወዲህ፣ እኔ ሱቅ ከሄድኩ በኋላ፣ ዘፈኑን የጫኑ የማያውቃቸው ሰዎች ገጽ ላይ እየገባ ሰው ከሥሩ የጻፈውን ያነብ ነበር። ድምፁን አይከፍተውም፤ የሚያነበው ጽሑፉን ነው። አንዱ ሚስቴን ያገኘሁት ይህ ሲዘፈን ነው ብሏል። አንድ ሹፌር ከመንዲ እስከ አሶሳ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ይህን ነው የምሰማው ብሏል። አንዷ እናቴ ከመሞቷ በፊት ይህን ክፈቱልኝ አለች ብላለች። ይህ ዘፋኝ የት ደረሰ ብለው የሚጠያየቁ ነበሩ፤ ሞቷል የሚልም ነበር፣ የለም ጉቴ ሒሳብ ያስተምራል፣ እኔንም ገርፎኛል የሚል ነበር። በዚህ ይስቅ እንደነበር ነገረኝ። መልስ ጽፎላቸው አያውቅም። አሁን ማሽኑ ዘፈኑ ያለበትን ቪዲዮ በሙሉ ሲያወርድ የሰዎቹም ቃል አብሮ ወረደ። የቀረው ድርጅቱ የጫነው ብቻ ነው። ጥርት ያለ ነው፤ ከሥሩ ግን አንድም ሰው የለም።

እኔ ጤነኛዋ፣ ምላስ ያለኝ፣ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ የሚውል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በየቀኑ ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ይውል ኖሯል።

ጠበቃዋን ጠየቅኳት። አዝና «ማሽኑ ድምፁን ነው የሚያውቀው» አለችኝ። «መድኃኒት ሻጩንና ሙሽራውን አይለይም።»

ከኑኑ ቁምባ ወረዳ አንዲት ሴት የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ቅዳሜ ነበር። በር ተንኳኳና ስከፍት አንዲት ጠይም፣ ረዘም ያለች ሴት ማንጎ የሞላ ፌስታል ይዛ ቆማለች። «አከም ጅርቱ፣ አዴ» አለችኝ። ሰላምታውን ተለዋወጥን፤ የልጅ፣ የከብት፣ የዝናብ ሁሉ ተጠያየቅን። ከገባች በኋላም ማንጎውን ከጉልበቷ ላይ አላወረደችውም።

«የመጣሁት ስለ ወንድሜ ልለምናችሁ ነው» አለች፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአፋን ኦሮሞ።

እስር ቤት ያለ ወንድም ያላት መሰለኝ። «እኛ እኮ ባለሥልጣን አይደለንም እህቴ» አልኳት።

«የለም፤ እሱን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ» አለችኝ።

ባለቤቴ ከጓዳ ወጣና ተቀመጠ። ሴትዮዋ እሱን እያየች ተናገረች። ወንድሟ ታላቋ ነበር፤ አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ አሳድጎ የዳራት እሱ ነው። ሰርጓ ላይ፣ ከቤት ስትወጣ፣ ይህ ዘፈን ተከፍቶ ወንድሟ ዱላውን ይዞ ብቻውን ጨፈረላት። ከዓመታት በኋላ እሱ ሞተ። እንዴት እንደሞተ አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። በዚያ ክፉ ጊዜ ቤታቸውን ጥለው ሲወጡ የሰርጉ ሲዲ፣ ፎቶው፣ ሁሉም እዚያው ቀረ፤ ሲመለሱ ቤቱ አልነበረም። የቀረው ቪዲዮ አንሺው ለሥራው ማስታወቂያ ብሎ ኢንተርኔት ላይ የጫነው ቁራጭ ብቻ ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን ሁሉ እየከፈተች ወንድሟን ታያለች።

«አሁን ቪዲዮ አንሺው ዘፈኑ ባለቤት አለው፣ ገጽህን እንዘጋዋለን አሉኝ ብሎ ድምፁን አጠፋው» አለች። «ባለቤቱ ነቀምቴ ነው ሲሉኝ መጣሁ።»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና ከፈተችው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ድንኳን አለ፤ ሰው ክብ ሠርቷል፤ አፋቸው ይከፈታል፣ እጃቸው ያጨበጭባል፣ የሚሰማ ነገር የለም። መሐል ላይ አንድ ቀጭን ሰው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዱላውን ከራሱ በላይ ይዞ ይዘላል። ያለ ድምፅ ሲታይ ጭፈራው ጭፈራ አይመስልም። ከአንድ ነገር ለማምለጥ የሚታገል ሰው ነው የሚመስለው።

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አየ። ሲያልቅ በጣቱ ነካ አድርጎ ከመጀመሪያው አስጀመረው። ከዚያ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈና መምታት ጀመረ። መጀመሪያ ቀደመ፤ አዳመጠ፣ አይ፣ አየ ማለት ይሻላል፤ የሰውየውን እግር አይቶ አስተካከለ። ምቱና እግሩ ሲገጥሙ ሰውየው በአንድ ጊዜ ጨፋሪ ሆነ። ሴትዮዋ «ኦቦሌሳ ኮ» አለች፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች፤ ዓይኗን ግን ከስልኩ አላነሳችም።

ባለቤቴ እየመታ ቀና ብሎ አየኝ። ምን እንደፈለገ ገባኝ። እኔ ድምፀ ጎርናና ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስሄድ የምዘምረው ለራሴ ነው። እሱ ፊት አንድም ቀን ዘፍኜ አላውቅም። ቃሉን ግን አውቀዋለሁ፤ ወለጋ ውስጥ የማያውቀው ማን አለ። ጀመርኩት። አንድ ስንኝ እንዳልኩ ሴትዮዋም ተቀበለችኝ፤ እያለቀሰች ነው የምትቀበለኝ። የተወለድሽበት በር አይዘጋብሽም የሚለው ቦታ ላይ ሁለታችንም አቃተን። ባለቤቴ ግን መምታቱን አላቋረጠም፤ ሰውየው ዱላውን አውርዶ እህቱን አቅፎ እስኪስም ድረስ መታለት።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ባለቤቴ ሰሌዳውን ይዞ ጠበቃዋ ቢሮ እንሂድ ሲል በእጁ አመለከተኝ። የጻፈው «ሰርጎቹን መልሱ» የሚል ነው።

ድርጅቱ ጋ ስንደውል ያው ትሁት ወጣት አነሳ። ዘፈኑ ያለበትን ሁሉ ከማውረድ ይልቅ ይታይ ብሎ መፍቀድ እንደሚቻል፣ ከማስታወቂያው የሚገኘውም ለኛ እንደሚሆን ነገረን።

«ይህ ነገር ከመጀመሪያውም ይቻል ነበር?» አለችው ጠበቃዋ።

«አዎ» አለ። «ግን እናንተ ይውረድልን ነው ያላችሁት።»

እውነቱን ነው። አልዋሸንም፣ አልበደለንም። እኛ አንድ ክፉ ሰው ለመያዝ መረብ ጠየቅን፤ እሱም መረብ ሰጠን። ጠበቃዋ ጠረጴዛዋን እያየች «እኔ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። ባለቤቴ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ፈቃዱ ተቀየረ። አንዳንዶቹ ቪዲዮዎች ተመለሱ፤ ከሥራቸው የተጻፈውም አብሮ ተመለሰ። ብዙዎቹ ግን ገጻቸው እንዳይዘጋ ፈርተው ባለቤቶቹ ራሳቸው አጥፍተዋቸው ነበርና እነዚያ ለዘላለም ሄዱ። የመንዲው ሹፌር ተመልሷል። እናቷ የሞተችባት ልጅ የጻፈችውን ባለቤቴ ብዙ ፈለገ፤ አላገኘውም። ላልተመለሱት ነው መሰለኝ፣ አሁን ለተመለሱት ሁሉ መልስ ይጽፋል። ዘፋኙ እኔ ነኝ አይልም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ «መንገድህን ያቅናልህ» ይላል፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ሰዎቹ በጻፉበት ቋንቋ።

የኑኑ ቁምባዋን ቪዲዮ አንሺ እኛው ደውለን ለመንነው፤ አላመነንም ነበር፣ ጠበቃዋ ስትነግረው ድምፁን መለሰው። ከሳምንታት በኋላ ሴትዮዋ ደወለች። ሃሎ ስል አልመለሰችልኝም፤ ስልኩን ከሌላ ስልክ ጋር አስጠግታዋለች፤ ዘፈኑ፣ ጭብጨባው፣ እልልታው ይሰማል። ለባለቤቴ ሰጠሁት። ከሕክምናው ወዲህ የራሱን ድምፅ ፈልጎ ሲያዳምጥ ያየሁት ያኔ ነው። ሲያልቅ ስልኩን መለሰልኝ፤ ሴትዮዋ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለች ታመሰግን ነበር።

መድኃኒት ሻጩ ግን አልተያዘም። በሌላ ዘፋኝ ዘፈን፣ በሌላ ፎቶ መጥቶ አይቼዋለሁ። ያቺ ነጠላ ልትገዛ የመጣች ሴት ባሏን አዲስ አበባ ወስዳው ነበር፤ ዘግይታችኋል አሏቸው። ለቅሶ ሄጄ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። ስታየኝ ተነስታ አቀፈችኝ፤ ስለ ቪዲዮው አንዳችንም አላነሳንም። ሕጉ ለዘፈናችን ደረሰለት፤ ለሷ ሰው አልደረሰለትም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በሠራነው ነገር መደሰት ያቅተኛል።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ዘፋኝ ከአጎቱ ጋር ሆኖ ቤታችን መጣ። ዘፈኑን በአዲስ ሙዚቃ ሊሠራው ፈልጎ ስቱዲዮዎቹ ካላስፈቀድክ አንነካውም ብለውታል። ለጋብቻ እንደተላከ ሽማግሌ ነው የመጡት፤ ለብሰው፣ ተቀመጡ እስኪባሉ ቆመው። ባለቤቴ ሰሌዳው ላይ «ዝፈነው» ብሎ ጻፈ፤ ወጣቱ ያመጣውን ወረቀትም ፈረመለት። የፊርማው ቦታ ሥር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ዜማው የጉቴ ሴቶች ነው የሚል አንድ መስመር በእጁ ጨመረበት። መዝገቡ ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም።

ከዚያ ጉሮሮው ላይ ያለውን ሻርፕ አስተካክሎ፣ ለወጣቱ በእጁ እስቲ አለው። ወጣቱ አፍሮ አጎቱን አየ፤ ከዚያ ተነስቶ ቆሞ፣ ያለ ምንም መሣሪያ ሳሎናችን መሐል ዘፈነው። ጥሩ ድምፅ ነው ያለው። መሐል ላይ ግን ዜማው አንድ ቦታ ከባለቤቴ አዘፋፈን ወጣ፤ ዝቅ ማለት ባለበት ላይ ከፍ አለ። ባለቤቴ ለማረም እጁን አነሳ፤ ሒሳብ የተሳሳተ ተማሪ ሲያይ እንደሚያደርገው። ወጣቱ ዓይኑን ጨፍኖ ስለነበር አላየውም። ባለቤቴ እጁን በአየር ላይ ትንሽ አቆየውና መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው፤ እስከ መጨረሻውም ዝም ብሎ አዳመጠው።